ፋርመር ነበር ወይስ የቀን ሠራተኛ? የኖርፎክ ገጠር አያት ሥራና ቤት ፍለጋ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። ባለቤትሽ እንግሊዛዊ ነው፣ ዘሩ ከኖርፎክ ገጠር ነው። አምስት ትውልድ ወደ ላይ ያለው አያቱ የተወለደው በ1805 አካባቢ ነው። በ1831 አንዱን ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሥራው «ቲምማን» ተብሎ ተጻፈ። በ1851 የሕዝብ ቆጠራ ላይ «የእርሻ ቀን ሠራተኛ» ሆነ። በ1864 ሴት ልጁ ስታገባ ደግሞ የጋብቻ መዝገቡ ላይ የአባት ሥራ «ፋርመር» ይላል። የባለቤትሽ ዘመዶች «የራሳችን እርሻ ነበረን» እያሉ ነው ያደጉት። አንቺ የጠየቅሽው የቱን ልመን ነው። ቤቱ የት እንደነበር ታውቆ ልጆቼን ወስጄ ማሳየት እችላለሁ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ እኔም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ባጭሩ ልመልስልሽ። እርሻ ያለው ሰው አልነበረም ብዬ ነው የማስበው። በሰው እርሻ ላይ ፈረስ የሚነዳ፣ ሙያ ያለው ሠራተኛ ነበር። ሦስቱም መዝገቦች ግን አልዋሹም። የጠየቀውም የመለሰውም ሰው በየጊዜው የተለያየ ነው። በ1831 ጠያቂው ቄሱ ነው፣ መላሾቹ ወላጆች ናቸው። በ1851 የጻፈው ቤት ለቤት የሚዞር ቆጣሪ ነው። በ1864 የመለሰችው ለሠርጓ የቆመች ልጅ ናት። ሙሽራው አጠገቧ ቆሞ፣ አማቶቿ ከኋላ ሆነው «የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?» ስትባል አባቷን ከፍ አድርጋ ብትናገር አይፈረድባትም። ከ1837 በኋላ ባሉ የጋብቻ መዝገቦች ላይ የአባት ሥራ እንዲህ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሳገኘው ስንት ዓመቴ።

የሚለየው ማስረጃ 1851 ላይ ነው። በዚያ ቆጠራ ፋርመር የሆነ ሰው ስንት ኤከር እንደያዘና ስንት ሠራተኛ እንደሚያሠራ እንዲያስመዘግብ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ፋርመር ስታገኚ አጠገቡ «180 ኤከር፣ 7 ሠራተኛ» የሚል ዓይነት ነገር ታያለሽ። አንቺ የላክሽው መስመር ላይ ይህ የለም። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሁለት ቅጠል ግለጪ። ኤከርና የሠራተኛ ቁጥር የተጻፈለት ሰው ቅርብ ታገኛለሽ። የባለቤትሽ አያት አሠሪ እሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

«ፋርመር»ን ወዲያው «ገበሬ» ብለን ስለምንተረጉመው እኛ እዚህ ላይ እንስታለን። የዚያ ዘመን የኖርፎክ እርሻ ሦስት እርከን ነበረው። ከላይ ባለመሬቱ አለ፣ እሱ አያርስም። መሃል ላይ ፋርመሩ አለ። መሬቱን ከባለመሬቱ በኪራይ ውል ይይዛል፣ ከብትና ፈረስ ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ካፒታል ያለው ሰው ነው። ከሥር ሠራተኛው አለ። እኛ የምናውቀው ጭሰኛ ከሦስቱም ጋር አይገጥምም። ጭሰኛ በሬውን ጠምዶ ያርሳል፣ ሲሶም ይሁን እኩል ለባለርስቱ ይሰጣል፣ የቀረው ምርት የራሱ ነው። የኖርፎኩ ሠራተኛ ግን ከምርቱ ምንም ድርሻ የለውም። የሚኖረው በሳምንት ደመወዝ ነው፤ በ1850 አካባቢ 8 ሺሊንግ ገደማ ነበር። ስለዚህ «እርሻችን» የሚለው የቤተሰብ ወሬ ብዙ ጊዜ «የኖርንበት እርሻ» ማለት ሆኖ ይገኛል። አድራሻው ላይ የእርሻው ስም ስለተጻፈ የልጅ ልጆቹ ባለቤት የነበሩ ይመስላቸዋል። እርሻው ግቢ ውስጥ ያለች የሠራተኛ ጎጆ የምትሰጠው ከሥራው ጋር ነበር፣ ሥራው ሲቀር ቤቱም ይቀራል። «ተቀማን» የሚል ታሪክም ካለ ምንጩ ይኸው ሊሆን ይችላል።

አሁን «ቲምማን» ወደሚለው ቃል ልምጣ፣ ምክንያቱም ካሉሽ ሦስት ቃላት ውስጥ የከበረው እሱ ነው። በኖርፎክ ቲምማን ማለት አንድ ጥማድ የእርሻ ፈረሶች የተሰጡት ሰው ነው። ሌላው ሠራተኛ ሳይነቃ ገና ሌሊት ተነስቶ ጋጣ ይገባል። ፈረሶቹን ያበላል፣ ይፍቃል፣ ይለጉማል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው ይሄዳል። ማታ እንደገና እሱ ነው የሚያሳድራቸው። እንስሳ በየቀኑ ስለሚበላ ሥራው እንደ ሌላው በዝናብ አይቋረጥም። በ1830 መጨረሻ በዚያ አካባቢ ሠራተኞች ሥራ አጥተው የእህል መውቂያ ማሽን እስከ መሰባበር ደርሰው ነበር። በዓመቱ አንድ ሰው «ቲምማን» ተብሎ ከተጻፈ ቤቱ ውስጥ ቋሚ ደመወዝ ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ በ1851 ከደረጃው ወረደ? ላይሆን ይችላል። ቆጣሪዎቹ ገና ከ1841 ጀምሮ የእርሻ ሠራተኛን «ኤግ ላብ» ብለው እንዲያሳጥሩ መመሪያ ነበራቸው። እረኛውም፣ ፈረስ ነጂውም፣ አጥር ሠሪውም፣ ቦይ ቆፋሪውም በአንድ ቃል ይጠቀለላል። የመንደሩን ገጾች በሙሉ አንብቢ። ቆጣሪው ለሌሎች ሰዎች «ቲምማን»፣ «እረኛ» እያለ ለይቶ ከጻፈ ያንቺው ሰው በእርግጥ ሥራ ቀይሯል። ሁሉንም በአንድ ቃል ከጠቀለለ ደግሞ ቃሉ የሚነግርሽ ስለ ቆጣሪው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም።

ይኸው ነገር የቄሶቹም መዝገብ ላይ ይሠራል። በእንግሊዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ የታዘዘው በ1538 በሄንሪ 8ኛው ሹም በቶማስ ክሮምዌል ነው። መዝገቡ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ቁልፍ ቄሱ ጋ፣ ሌላው እንደኛ ሰበካ ጉባኤ ካሉት የምእመናን ተወካዮች ጋ። ግን ምን እንደሚጻፍ የሚወስን ቅጽ ስላልነበረ አንዱ ቄስ የሰውየውን ሥራና መንደር ይጽፋል፣ ሌላው ስም ብቻ ጥሎ ያልፋል። ላንቺ ወሳኙ ቀን ጥር 1 ቀን 1813 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስትና መዝገብ የታተመ ቅጽ ሆነ፣ በአንድ ገጽ ስምንት ልጅ። የልጁ ስም፣ የወላጆች ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ሥራ፣ የቄሱ ፊርማ። ሥራና መኖሪያ የግዴታ ዓምድ ያገኙት ያኔ ነው። የቀብሩ ቅጽ ላይ መኖሪያና ዕድሜ አለ፣ ሥራ የለም። ጋብቻ ላይ ከ1754 ጀምሮ ፊርማና ምስክሮች አሉ፣ የአባት ስምና ሥራ የተጨመረው በሐምሌ 1837 ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ይህ ይሁን። የዚህን ሰው ልጆች በሙሉ ፈልጊ፣ ባለቤትሽ የወረደበትን ልጅ ብቻ ሳይሆን የሞቱትንም ጭምር። የዚያ ዘመን ባልና ሚስት በሃያ ዓመት ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ልጅ ክርስትና ሊያስነሱ ይችላሉ። ይህ ማለት ስምንት ዘጠኝ ጊዜ «ምን ትሠራለህ፣ የት ትኖራለህ» ተብሏል ማለት ነው። አንድ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፊያቸው፤ ቀን፣ የልጁ ስም፣ መኖሪያ፣ ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቄሱ ፊርማ። የቄሱን ፊርማ ሰው ይረሳዋል። እኔ ግን አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ላይ «ጫማ ሠሪ፣ ጫማ ሠሪ፣ ቀን ሠራተኛ፣ ቀን ሠራተኛ፣ ጫማ ሠሪ» የሚል ተርታ አግኝቼ ሰውየው ከስሮ እንደገና ያገገመ መስሎኝ ነበር። ወደ መዝገቡ ምስል ተመልሼ ሳይ ሁለቱን «ቀን ሠራተኛ» የጻፈው አንድ ተተኪ ቄስ ነው። እሱ በነበረበት ዓመት ተኩል ውስጥ መንደሩ በሙሉ ቀን ሠራተኛ ሆኗል፣ አንጥረኛው ሳይቀር። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ ያለውን የተገለበጠ ማውጫ አይተሽ እንዳታቆሚ የምለምንሽ። ማውጫው ስምና ቀን ይሰጥሻል፣ የገጹ ምስል ግን ጎረቤቶቹንም ይሰጥሻል።

ክርስትና የተነሳበትን ቀን ደግሞ የልደት ቀን አታድርጊው። እኛ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለምናስነሳ ወደ ኋላ ቆጥረን ልደቱን እናገኛለን። እንግሊዝ ገጠር ላይ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቀን አልነበረም። በሳምንቱ የተነሳም አለ፣ ሦስት ወንድማማች በአንድ እሁድ የተነሱም አሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነሱ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ አዲስ መንደር ገብቷል ወይ አዲስ ቄስ መጥቶ ሰብስቧቸዋል። የተወሰኑ ልጆች ጨርሶ ከጠፉብሽ የሜቶዲስትና የባፕቲስት መዝገቦችን እዪ፣ ኖርፎክ ገጠር ላይ ጠንካራ ነበሩ።

ስለ ስም አንድ ነገር። አብዛኛው ሠራተኛ መጻፍ ስለማይችል ቄሱ የሰማውን ነው የሚጽፈው። ያንዱ ቤተሰብ ስም በሃያ ዓመት ውስጥ በአራት ዓይነት ፊደል ሲጻፍ ታያለሽ። ፓስፖርት ላይ የአባቱና የልጁ ስም በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ሆኖ መከራውን ያየ ሐበሻ ይህ አይገርመውም። ከዚህ የከፋው ግን ተመሳሳይ ስም ነው። እኔ ራሴ ይህን የዘር ፍለጋ ሥራ ስጀምር ስምንት ወር ሙሉ የተሳሳተ ሰው ተከትያለሁ። ስሙ ትክክል ነው፣ አጥቢያው ትክክል ነው፣ የተወለደበት ዓመት ትክክል ነው። ወላጆቹን፣ አያቶቹን፣ የአያቶቹን ቤት ሳይቀር አግኝቼ ነበር። በኋላ የቀብር መዝገቡን ስገልጥ ያ ልጅ በአምስት ወሩ ተቀብሯል። ቀጥሎ ያለው መንደር ውስጥ በዚያው ዓመት የተወለደ የአጎቱ ልጅ ነበር የኔ ሰው። ደንበኛዬ ጋ ደውዬ ይህን መንገር እስካሁን የሚያመኝ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ክርስትና «የኔ ሰው ነው» ከማለቴ በፊት ቢያንስ ዐሥር ዓመት የቀብር መዝገብ እገልጣለሁ። አንቺም አድርጊው። የ1805ቱን ክርስትና ስትፈልጊ የሚረዳሽ ነገር አለ። ኖርፎክን በሚያጠቃልለው በኖርዊች ሀገረ ስብከት ከ1780ዎቹ እስከ 1812 ድረስ ብዙ ቄሶች የእናትየዋን የልጅነት የቤተሰብ ስም ጨምረው ይጽፉ ነበር። ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸውን አባቶች የሚለይልሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ መኖሪያው። ልጆቹ በሦስት አጥቢያ ተበታትነው ብታገኚያቸው ሰውየው ተንከራታች ነበር አትበይ። ኖርፎክ ላይ ከ600 በላይ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ አጥቢያዎቹ ትንንሽ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ብትሄጂ አጥቢያ ቀይረሻል። የሚዛወሩትም በወቅት ነው። እዚያ የዓመቱ ቅጥር የሚያበቃው በቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ መስከረም 29 ላይ የሚውል ነው፣ ከኛ መስቀል ሁለት ቀን በኋላ በይው። የድሮውን አቆጣጠር የያዙት ደግሞ በጥቅምት 11 አካባቢ ይለቁ ነበር። ስለዚህ አንዱ ልጅ በነሐሴ እዚህ፣ ቀጣዩ በኅዳር እዚያ ቢነሳ በመሃል ሚካኤል አልፏል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበር፣ ይሄኛው ያሳዝናል። ደሀን የመርዳት ሸክም የእያንዳንዱ አጥቢያ ነዋሪዎች ነበር፣ በግብር መልክ ይከፍላሉ። መንደሩ በሙሉ የአንድ ባለመሬት ከሆነ ባለመሬቱ የሠራተኛ ጎጆ አያሠራም፣ ያለውንም ያፈርሳል፤ ሠራተኛ ካልኖረበት ችግረኛም አይኖርበትም። ሠራተኞቹ ብዙ ባለቤት ወዳለው ክፍት መንደር ይገፋሉ፣ እዚያ በጠባብ ቤት ተጨናንቀው ይኖራሉ፣ ወደ ሥራ በየቀኑ ኪሎሜትሮች በእግር ይሄዳሉ። ካስል ኤከር የምትባለው የኖርፎክ መንደር በዚህ የታወቀች ናት። ሴቶችና ሕፃናት በቡድን ተደራጅተው ድንጋይ ለመልቀምና ለማረም ከዚያ ወደ ሩቅ እርሻዎች ይወሰዱ ነበር። ሕጉ ተቀይሮ ሸክሙ ከአንድ አጥቢያ ወደ ሰፊው የአጥቢያዎች ኅብረት የዞረው በ1865 ነው። ስለዚህ የሠራበት እርሻና የኖረበት ቤት ሁለት አጥቢያ ውስጥ ቢሆኑ አትደነቂ። ቆጠራው ላይ የሚስቱ የሥራ ዓምድ ባዶ መሆኑም አያታልሽ። በመከር ያላጨደች፣ ከአጨዳ በኋላ ቃርሚያ ያልለቀመች የሠራተኛ ሚስት ማግኘት ይከብዳል።

የደሀ እርዳታው ግን ለኛ ለፈላጊዎች ትልቅ ነገር ትቶልናል። ከ1662 ሕግ ጀምሮ አንድ ሰው ቢቸገር የሚረዳው «ያንተ ነው» የተባለው አጥቢያ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ሲያከራክር ሰውየው ሁለት ዳኞች ፊት ቀርቦ ሕይወቱን ይናገራል። የት ተወለደ፣ በስንት ዓመቱ ለማን ተቀጠረ፣ ዓመቱን ጨረሰ ወይስ አልጨረሰ፣ ስንት ተከፈለው፣ መቼ አገባ። ዓመት ሙሉ በአንድ አጥቢያ ተቀጥሮ የሠራ ላጤ እዚያ መብት ያገኝ ስለነበር ጥያቄው ዝርዝር ነው። ይህ በቅጥር የሚገኝ መብት የቀረው በ1834 ነው። ያንቺ ሰው በወጣትነቱ በዚህ ሕግ ሥር ነው ያደገው፣ ስለዚህ የምርመራ ቃሉ ተርፎ ከሆነ ከማንኛውም መዝገብ ይበልጥብሻል። መጻፍ የማይችል ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ቃል በዚያ ወረቀት ላይ ነው የምታገኚው፣ ከሥሩም በእጁ ያደረገው የመስቀል ምልክት አለ። የእርዳታውን ገንዘብ የሚያከፋፍሉትን የድሆች ሹሞች የሂሳብ ደብተርም ጠይቂ። «የቤት ኪራይ» ብለው ሲከፍሉለት ለማን እንደከፈሉ ይጽፋሉ። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አገኘሽ ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ካርታው ይወስድሻል።

ካርታው የአሥራት ካርታ ይባላል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አሥራት የምትሰበስበው በእህልና በከብት ነበር። በ1836 የወጣ ሕግ ያንን ወደ ገንዘብ ቀየረው። ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ለመወሰን አጥቢያ በአጥቢያ ተለክቶ ካርታ ተሠራ፤ አብዛኛው ከ1836 እስከ 1850ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ልክ ያንቺ ሰው በጉልምስናው ባለበት ጊዜ። እያንዳንዱ ማሳና ቤት ቁጥር አለው። ከካርታው ጋር ያለው ዝርዝር በየቁጥሩ ባለቤቱን፣ ይዞ የሚኖርበትን ሰው፣ ምን እንደሆነና ስፋቱን ይሰጥሻል። ብዙዎቹ ካርታዎች ላይ ሰው የሚኖርበት ቤት በቀይ፣ ጋጣና ጎተራ በግራጫ ተቀብቷል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ትንንሾቹን ቀይ ሣጥኖች ስቆጥር ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አላወቅኩም።

ችግሩ የሠራተኛ ስም ዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንድ ረጅም ቤት ለሦስት አራት ቤተሰብ ተከፍሎ ይከራያል፣ ጸሐፊው ያንዱን ስም ብቻ ጽፎ «እና ሌሎች» ይላል። ያንቺ ሰው «ሌሎች» ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ መቁረጥ ግን የለበትም። እንዲህ አድርጊ። የ1841ና የ1851 ቆጠራ ገጾችን ያዢ። ቆጣሪው በእግሩ ነው የዞረው፣ ስለዚህ የቤቶቹ ተራ የመንገዱ ተራ ነው። የቅጹ ተራ ቁጥር የቤት ቁጥር እንዳይመስልሽ፣ የቤተሰብ መቁጠሪያ ነው። ካንቺ ሰው በላይና በታች ካርታ ላይ የማይጠፋ ነገር ፈልጊ፤ የቄሱ ቤት፣ የንፋስ ወፍጮ፣ መጠጥ ቤት፣ አንጥረኛ፣ ትልቁ እርሻ። እነዚህ የራሳቸው ስምና ቁጥር ስላላቸው የአሥራት ዝርዝሩ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ለምሳሌ ቆጣሪው ከመጠጥ ቤቱ ወጥቶ አምስት ቤተሰብ ቆጥሮ አንጥረኛው ጋ ከደረሰ፣ ያንቺ ሰው ከአምስቱ ሦስተኛው ከሆነ፣ ካርታው ላይ በመጠጥ ቤቱና በአንጥረኛው መሃል ያሉት ቀይ ሣጥኖች ስንት ናቸው? ሁለት ብቻ ከሆኑ ከሁለቱ አንዱ ነው። ከዚያ የሁለቱን ባለቤቶች ስም ከድሆች ሹሞቹ ሂሳብ ጋር አስተያዪ። አንዳንዴ እዚያው ያልቃል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ 1841 ላይ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት አምስት ተጠጋግቶ ነው የተጻፈው፣ 39 የሆነው 35 ይባላል። የትውልድ ቦታም «በዚህ አውራጃ ነው ወይስ አይደለም» ብቻ ነው። አጥቢያው በስሙ የተጻፈው በ1851 ነው።

ቤቱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከቆየ ደግሞ ሌላ ዕድል አለሽ። በ1910 ሕግ መሠረት መንግሥት የአገሩን ቤትና መሬት በሙሉ አስገምቶ ነበር። የገማቾቹ የመስክ ደብተሮች ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት አሉ። ለትንሽ ጎጆ እንኳን በምን እንደተሠራ፣ ስንት ክፍል እንዳላት፣ ጣራዋ ያፈስ እንደሆን የተጻፈባቸው አሉ። የ1910ሯ ጎጆ የ1841ዷ መሆኗን ለማረጋገጥ የአሥራት ካርታውን የመንግሥት ካርታ ሠሪ ከሆነው ከኦርድናንስ ሰርቬይ ትልልቅ ካርታዎች ጋር ጎን ለጎን እዪ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የእንግሊዝንም ጨምሮ በነፃ ያሳያል፣ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ማስተያየትም ይቻላል። የኖርፎክ ካውንቲም ታሪካዊ ካርታዎቹን ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል፣ የአሥራቱንም ጨምሮ።

ከ1805 ወደ ኋላ መሄድ ከፈለግሽ ባጭሩ፤ ከ1752 በፊት የእንግሊዝ ዓመት የሚቀየረው መጋቢት 25 ላይ ነበር። የካቲት 1740 ተብሎ የተጻፈ ቀብር ዛሬ በምንቆጥረው 1741 ነው። ሁለት አቆጣጠር ይዘን ስለምንኖር ለኛ ይህ አይከብደንም። በዚያ ዘመን «ሀዝባንድማን» ትንሽ መሬት የያዘ አራሽ ነው፣ «ዮማን» ከእሱ የተሻለ፣ ብዙ ጊዜ የራሱ መሬት ያለው። ምናልባት ዘመዶቹ የሚሉት እርሻ እዚያ ሊኖር ይችላል፣ ካለም በኑዛዜና በርስት ፍርድ ቤት መዝገብ ይታያል። ከሠራተኛ አያት ሁለት ትውልድ ወደ ላይ ትንሽ ባለመሬት ማግኘት የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ወሬውን ገና አትጣዪው።

መዝገቦቹን የት ታገኛለሽ? የኖርፎክ አጥቢያ መዝገቦች አብዛኞቹ ኖርዊች ባለው የኖርፎክ መዝገብ ቤት ነው ያሉት። ምስላቸውን ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታያለሽ፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። ፍሪሬግ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ነፃ ማውጫ ነው። አንሰስትሪና ፋይንድማይፓስት በክፍያ ናቸው፣ ግን ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገብተሽ አንዱን ወይ ሌላውን በነፃ መጠቀም ይቻላል፣ ከመክፈልሽ በፊት ሰፈርሽ ያለውን ጠይቂ። የዳኞቹ ምርመራና የድሆች ሹሞቹ ሂሳብ ግን ብዙው ኢንተርኔት ላይ የለም። መዝገብ ቤቱ ሄደሽ «የዚህ አጥቢያ የድሆች ሹሞች ወረቀት ምን ምን አላችሁ?» በያቸው። አንዳንዱ አጥቢያ ሙሉ ሣጥን አለው፣ አንዳንዱ አንድም ቅጠል አልተረፈለትም።

ለጊዜው የ1851ን ገጽ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ሁለት ሁለት ገጾች ጋር፣ የልጆቹን ክርስትና ተርታ ደግሞ ከነቄሱ ፊርማ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ልጆቹን ለመውሰድ ግን ቤቱ እስኪገኝ አትጠብቂ። የኖርፎክ ሠራተኞች ጎጆ ብዙው ፈርሷል፣ ቦታው ላይ ዛሬ ስንዴ ሊሆን ይችላል። ወደ እርሻው የሚወስደው የእግር መንገድ ግን የሕዝብ መንገድ ሆኖ ተመዝግቦ ከቀረ ገብታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ቤተ ክርስቲያኗም አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትገኘው፣ ቀን ቀን ክፍት የሆኑም ብዙ ናቸው። ስትገቡ ወደ ምዕራብ በኩል፣ በሩ አካባቢ፣ ትልቅ የድንጋይ ማጥመቂያ ፈልጉ። ብዙዎቹ ከእሱ ዘመን በፊት የተጠረቡ ናቸው። በ1831 ቄሱ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ልጁን ይዞ የቆመው እዚያ አጠገብ ነው።